አልፋፎልድና የፕሮቲን ቅርጽ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ተነስተው ወደ ከባዱ ይሄዳሉ።

አልፋፎልድ ምንድን ነው?

የፕሮቲንን ቅርጽ የሚተነብይ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። የሰራው ለንደን የሚገኘው የጉግል ኩባንያ ዲፕማይንድ ነው። የፕሮቲኑን አሚኖ አሲዶች ቅደም ተከተል ትሰጡታላችሁ። እሱ ደግሞ ፕሮቲኑ ተጣጥፎ ሲያበቃ ምን እንደሚመስል፣ የትኛው አተም የት ቦታ እንደሚቀመጥ ይነግራችኋል።

ስሙ በዓለም የገነነው በ2020 መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ በባዮሎጂ ቤተ ሙከራዎች ውስጥ እንደ ማይክሮስኮፕ የተለመደ ዕቃ ሆኗል ቢባል ማጋነን አይደለም። የኖቤል ኮሚቴ በ2024 እንደገለጸው በ190 አገሮች ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተጠቅመውበታል።

ፕሮቲን ማለት ሽሮና ሥጋ ውስጥ ያለው አይደለም እንዴ?

እሱው ነው። ሽሮ ስትበሉ ሆዳችሁ የሽምብራውን ፕሮቲን ወደ አሚኖ አሲድ ይሰባብረዋል። ሰውነታችሁ በዚያው አሚኖ አሲድ የራሱን ፕሮቲን መልሶ ይሰራል። ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን፣ ስኳርን የሚቆጣጠረው ኢንሱሊን፣ ጀርምን የሚዋጉት ፀረ እንግዳ አካላት፣ ምግብ የሚፈጩት ኢንዛይሞች፣ ሁሉም ፕሮቲኖች ናቸው። ለፕሮቲን የሚሆኑ የሰው ጂኖች ወደ 20,000 ይጠጋሉ።

የሚሰሩት ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች ነው። በክር እንደተሰካ ዶቃ ተራ በተራ ይያያዛሉ። ከዚያ ክሩ በራሱ ተጠቅልሎና ተጣጥፎ የተወሰነ ቅርጽ ይይዛል። ሥራውን የሚወስነው ይህ ቅርጽ ነው። ሄሞግሎቢን ኦክስጅን የሚይዝባት ቦታ ያለችው በዚያ ልክ ስለተጣጠፈ ነው። መድኃኒትም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰራው አንድ ፕሮቲን ላይ ያለች ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ በመወሸቅ ነው። ጉድጓዷ የት እንዳለች ሳያውቁ መድኃኒት መፈለግ በጭለማ መዳበስ ይሆናል።

ድሮስ ቅርጹ እንዴት ይታወቅ ነበር?

በብዙ ልፋት። ዋናው መንገድ ፕሮቲኑን አጥርቶ እንደ ጨው እንዲረጋ ማድረግና በኤክስሬይ መምታት ነው። ጨረሩ ተበታትኖ ከሚተወው ምስል ተነስቶ የአተሞቹ ቦታ ይሰላል። ካምብሪጅ የነበረው ማክስ ፔሩትዝ በሄሞግሎቢን ላይ የጀመረው ሥራ ከ20 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። እሱና ማዮግሎቢንን የፈታው ጆን ኬንድሩ በ1962 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ። ዛሬ መሣሪያው ተሻሽሏል። ፕሮቲንን አቀዝቅዞ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ማየትም ተችሏል። ያም ሆኖ አንድ አስቸጋሪ ፕሮቲን የአንድን ተማሪ የፒኤችዲ ዘመን በሙሉ ሊበላ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መባል አለበት። ሳይንቲስቶቹ የፈቱትን ቅርጽ ለብቻቸው አልያዙትም። በ1971 በ7 ቅርጾች የተጀመረ ነጻ የመረጃ ቋት አለ፤ ማንም ያገኘውን እዚያ ያስቀምጣል። አልፋፎልድ ሲሰለጥን ቋቱ ወደ 170,000 ቅርጾች ደርሶ ነበር። ጋዜጣው ስለ ብልሁ ኮምፒውተር ሲጽፍ ይህን ይረሳል። 50 ዓመት የተጠራቀመ የሰው ላብ ባይኖር ኮምፒውተሩ የሚማርበት ነገር አልነበረውም።

ኮምፒውተሩ ታዲያ ቅርጹን ከየት አምጥቶ ነው የሚያውቀው?

መነሻው የቆየ ግኝት ነው። ክርስቲያን አንፊንሰን የተባለው አሜሪካዊ አንድን ፕሮቲን ፈትቶ ሲተወው መልሶ በራሱ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ሲታጠፍ አየ። ስለዚህ የቅርጹ መረጃ እዚያው ቅደም ተከተሉ ውስጥ አለ ማለት ነው። በ1972 ኖቤል ተሸለመበት። ችግሩ ሊሆኑ የሚችሉት ቅርጾች ቁጥር ነው። ሳይረስ ሌቪንታል በ1969 እንዳሳየው፣ ፕሮቲኑ አማራጮቹን አንድ በአንድ ቢሞክር ኖሮ የዓለም ዕድሜ አይበቃውም። እውነተኛው ፕሮቲን ግን በቅጽበት ይታጠፋል።

አልፋፎልድ አማራጮቹን አይቆጥርም። የሚያደርገው ይህን ነው። የሰጣችሁትን ፕሮቲን የሚመስሉ ዘመዶቹን ከዓሣ፣ ከዶሮ፣ ከባክቴሪያ፣ ካገኘበት ሁሉ ይሰበስብና ጎን ለጎን ይደረድራቸዋል። ከዚያ አብረው የሚለወጡ ቦታዎችን ይፈልጋል። ለምሳሌ 12ኛው አሚኖ አሲድ በተለወጠበት እንስሳ ሁሉ 87ኛውም አብሮ ተለውጦ ከተገኘ፣ ሁለቱ በክሩ ላይ ቢራራቁም በታጠፈው ቅርጽ ውስጥ ጎረቤታሞች ሳይሆኑ አይቀሩም። አንዱ ሲለወጥ ሌላው ካልተስተካከለለት ፕሮቲኑ ይበላሻላ። ፕሮግራሙ እንዲህ ያሉ ፍንጮችን ከቋቱ ከተማረው ጋር አገናኝቶ ቅርጹን ይሰራል፣ ያያል፣ ያርማል፣ እንደገና ይሰራል። በሌላ አነጋገር ትልቁን ፍንጭ የሚሰጠው ዝግመተ ለውጥ ነው። ዘመድ ያልተገኘለት ብቸኛ ፕሮቲን ላይ ትንበያው የሚዳከመውም ለዚህ ነው።

ቻትጂፒቲን ብጠይቀው አይነግረኝም?

አይነግራችሁም። የታወቀ ፕሮቲን ከሆነ ያነበበውን ይነግራችሁ ይሆናል። የአተሞችን ቦታ ለማስላት ግን አልተሰራም። ሁለቱም ሰው ሰራሽ አስተውሎት ይባላሉ እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው።

ትክክል መሆኑ በምን ታወቀ?

በፈተና። ከ1994 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ ካስፕ የሚባል ውድድር ይካሄዳል። አዘጋጆቹ በቤተ ሙከራ የተፈቱ፣ ገና ግን ያልታተሙ ቅርጾችን ይይዛሉ። ለተወዳዳሪዎቹ የሚሰጡት ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው። መልሱን አስቀድሞ ማየት አይቻልም። ለዓመታት ውጤቱ ፈቀቅ አይልም ነበር። በ2020 የአልፋፎልድ መካከለኛ ውጤት (ግማሹ ከዚያ በላይ፣ ግማሹ ከዚያ በታች የሆነበት) ከ100 92.4 አካባቢ ሆነ። 90 ገደማ ማለት ከቤተ ሙከራ ውጤት ጋር የሚወዳደር ነው ተብሎ ይታሰባል።

ከዳኞቹ አንዱ ጀርመን የሚሰራው አንድሬ ሉፓስ ነበር። ቡድኑ አንድ ፕሮቲን ላይ ለ10 ዓመት ገደማ ተቸክሎ ቀርቶ ነበር። የኤክስሬዩ ምስል በእጃቸው አለ፤ መፍታት ግን አልቻሉም። የአልፋፎልድን ትንበያ ከምስሉ ጋር ሲያገናኙት በግማሽ ሰዓት ተፈታ። ብዙ ተጠራጣሪዎችን ያሳመነው ከቁጥሩ ይልቅ እንዲህ ያለው ገጠመኝ ይመስለኛል።

ኖቤሉ የተሰጠው ለማን ነው?

የ2024 የኬሚስትሪ ሽልማት ግማሹ ለዲፕማይንዶቹ ደሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር፣ ግማሹ ሲያትል ለሚገኘው ዴቪድ ቤከር ተሰጠ። የቤከር ሥራ የተገላቢጦሽ ነው። እሱ መጀመሪያ ቅርጹን ያስባል፣ ቀጥሎ ያንን ቅርጽ የሚይዝ ቅደም ተከተል ይፈልጋል። በ2003 ቡድኑ በተፈጥሮ ውስጥ የሌለ ቅርጽ ያለው፣ 93 አሚኖ አሲዶች የያዘ ፕሮቲን ሰርቶ አሳይቷል።

ይሳሳታል?

በደንብ አድርጎ። ደግነቱ ለእያንዳንዱ አሚኖ አሲድ ከ0 እስከ 100 የመተማመኛ ነጥብ ይሰጣል። ከ90 በላይ ከሆነ እጅግ ተማምኗል። ከ50 በታች የሆነውን ባታዩት ይሻላል። የሰው ፕሮቲኖች ላይ ሲሞከር በጥሩ መተማመን የተተነበዩት አሚኖ አሲዶች 58 በመቶ ያህል ነበሩ። የቀረው በሙሉ የፕሮግራሙ ድክመት አይደለም። ብዙ ፕሮቲኖች ቋሚ ቅርጽ የሌለው፣ እንደ ልብ የሚወዛወዝ ክፍል አላቸው። ስዕሉ ላይ የተዝረከረከ ክር መስሎ ይታያል። ጀማሪ ተማሪዎች ያንን ክር እውነተኛ ቅርጽ አድርገው ሲተነትኑት ማየት የተለመደ ነው።

ሌላው ነገር፣ የሚሰጣችሁ አንድ የቆመ ምስል ነው። ፕሮቲን ግን ይንቀሳቀሳል። በር ሆኖ የሚከፈትና የሚዘጋ ፕሮቲን ከሆነ፣ አልፋፎልድ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ሊያሳያችሁ ይችላል፤ የትኛውን እንደሆነም አይነግራችሁም።

ይህ ሁሉ ከተቻለ መድኃኒቱ የታለ?

ቅርጹን ማወቅ የመንገዱ መጀመሪያ ስለሆነ ነው። ከዚያ በኋላ የሚገጥም ሞለኪውል ማግኘት፣ መርዛማ አለመሆኑን ማየት፣ እንስሳ ላይ መሞከር፣ ከዚያ በሦስት ደረጃ ሰው ላይ መሞከር አለ። ይህ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚፈጅ ነገር ነው። አልፋፎልድ የሚያሳጥረው የፊተኛውን ጥቂት ዓመት ነው። የሰው ልጅ ጉበት መድኃኒቱን እንዴት እንደሚቀበለው ኮምፒውተሩ አያውቅም።

በኮምፒውተር የተነደፈ ፕሮቲን ግን ለሰው ደርሷል። ከቤከር ተቋም ጋር የተሰራው ስካይኮቪዮን የተባለው የኮቪድ ክትባት በ2022 ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ፈቃድ አግኝቷል። የተነደፈው ከአልፋፎልድ በፊት በነበሩት የቤከር ፕሮግራሞች ነው።

ለወባና ለካላ አዛርስ?

መጀመሪያ ግርታውን እናጥራ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እና በ2023 የመከራቸው ሁለቱ የወባ ክትባቶች የአልፋፎልድ ውጤቶች አይደሉም። ብዙ ዓመት የቆዩ ሥራዎች ናቸው። አልፋፎልድ የረዳው ለቀጣዩ ትውልድ ክትባት ነው። የወባ ተውሳክ ትንኟ ሆድ ውስጥ ለመራባት የሚጠቀምበት አንድ ፕሮቲን አለ። ይህን ማገድ ማለት ወባ ከአንድ ሰው ወደ ሌላው እንዳይሻገር ማገድ ነው። የኦክስፎርዱ ማቲው ሂጊንስ ቡድን የዚህ ፕሮቲን ምስል ብዥ ብሎበት ለዓመታት ተቸግሮ ነበር። ብዥታውን ያጠሩት ከአልፋፎልድ ትንበያ ጋር በማጣመር ነው። አሁን ፀረ እንግዳ አካሉ የትኛውን ክፍል ቢይዝ እንደሚያግደው በዝርዝር ያያሉ።

በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈውን ካላ አዛርን በተመለከተ፣ ችላ ለተባሉ በሽታዎች መድኃኒት የሚፈልገው ዲኤንዲአይ የተባለው ድርጅት ከዲፕማይንድ ጋር መስራት ከጀመረ ቆይቷል። መተማና ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ላይ የሚጸናው ይኸው በሽታ ነው። ትልልቆቹ የመድኃኒት ፋብሪካዎች ለዚህ ሠራተኛ ብለው ቤተ ሙከራ አይከፍቱም፤ ገበያ የለውማ። ስለዚህ የቅርጽ ፍለጋው ወጪ ወደ ዜሮ መውረዱ ከስኳር ወይም ከካንሰር ይልቅ ለእንዲህ ያሉት በሽታዎች ይበልጥ ይጠቅማል ባይ ነኝ።

የእባብ መርዝ ማርከሻ በኮምፒውተር ተሰራ የተባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ እስካሁን ግን አይጥ ላይ ነው። ያለው ማርከሻ የሚዘጋጀው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በነበረው ዘዴ ነው። ፈረስ ጥቂት በጥቂት መርዝ ይወጋል፤ ሰውነቱ ፀረ እንግዳ አካል ሲያመርት ደሙ ይቀዳል። ውድ ነው፤ አንዳንዱ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ ታማሚው ላይ ከባድ አለርጂ ሊያስነሳም ይችላል። በዓለም ዙሪያ በዓመት ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው በእባብ ንድፊያ እንደሚሞት የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። አብዛኛው ገበሬና እረኛ ነው።

በጥር 2025 የቤከር ቡድንና የዴንማርክ ባልደረቦቹ ያሳተሙት ሥራ ሌላ መንገድ አሳየ። በተፈጥሮ የሌሉ ትንንሽ ፕሮቲኖችን በኮምፒውተር ነደፉ። ፕሮቲኖቹ የእባቡን መርዝ ሄደው ይለጠፉበትና ሥራ ያስፈቱታል። ለሞት የሚያበቃ መርዝ ከተሰጣቸው አይጦች እንደ መርዙና እንደ ማርከሻው ዓይነት ከ80 እስከ 100 በመቶው ተረፉ። ፕሮቲኖቹ በባክቴሪያ ስለሚመረቱ ፈረስ አያስፈልግም። ሙቀትም ይችላሉ።

አሁን ወደ እኛ ቆላ እንምጣ። ሙከራው የተደረገው በኮብራና በማምባ ወገን ያሉ እባቦች በሚይዙት አንድ የመርዝ ዓይነት ላይ ነው። እፉኝት ሌላ ነው። የእሱ መርዝ ደም የሚያፈስና ሥጋ የሚያበሰብስ፣ ከሌላ ዓይነት ፕሮቲኖች የተሰራ ነው። በኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢዎች ደግሞ እፉኝት ትልቅ ስጋት ነው። ለእሱ የሚሆን ንድፍ ለብቻው መሰራት አለበት። ዘዴው አንድ ነው፤ ሥራው ግን እንደ አዲስ ይጀመራል።

ፕላስቲክ የሚበላ ኢንዛይምስ? ፌስታል ሊያጠፋልን ነው?

ፌስታልን አያጠፋም። በ2016 ጃፓን ሳካይ ውስጥ ጠርሙስ መልሶ ከሚጠቀም ተቋም የተገኘ ባክቴሪያ አለ። ኢንዛይሙ የሚቆርጠው ፔት የሚባለውን ፕላስቲክ ነው። ይህ የሃይላንድ ጠርሙስ የሚሰራበት ነው። በ2022 የቴክሳስ ተመራማሪዎች በሰው ሰራሽ አስተውሎት እየታገዙ ኢንዛይሙን አሻሻሉት። ከ50 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት አንዳንድ የፔት ዕቃዎችን በ24 ሰዓት ፈታ።

ፌስታል ግን ፖሊኢትሊን ነው። የኬሚካል ሰንሰለቱ የተለየ ስለሆነ ይህ ኢንዛይም አይነካውም።

አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ያለ የማስተርስ ተማሪ ሊጠቀምበት ይችላል?

ይችላል፤ በነጻ። ከ2022 ጀምሮ ከ200 ሚሊዮን በላይ የተተነበዩ ቅርጾች አውሮፓ ውስጥ ባለ የመረጃ ቋት ላይ ተቀምጠዋል። መመዝገብ አያስፈልግም። የፈለጋችሁትን ፕሮቲን ስም ጽፋችሁ ቅርጹን ታወርዳላችሁ። ዕድላችሁ ጥሩ ከሆነ ሥራችሁ እዚያው አለቀ።

ፕሮቲናችሁ እዚያ ከሌለ ኮላብፎልድ የሚባለውን ሞክሩ። ስሌቱ የሚካሄደው ጉግል ሰርቨር ላይ ስለሆነ ተራ ላፕቶፕ ይበቃል። ችግሩ የኢንተርኔት መቆራረጥ ነው፤ ገጹ ከተዘጋ ሥራው ሊቋረጥ ይችላል። አጭር ፕሮቲን አስቀድሙ። ለሌላው ደግሞ የአልፋፎልድ ሰርቨር አለ። የጉግል አካውንት ይጠይቃል፣ በቀን የሚፈቅደው ሥራ የተወሰነ ነው፣ ለንግድ መጠቀምም ክልክል ነው። አንድ ምክር ልጨምር። ለመመረቂያ ጽሑፍ ስዕሉን ስትለጥፉ የመተማመኛ ነጥቡን ቀለም አብራችሁ አሳዩ። ፈታኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

አልፋፎልድ 3 በምን ይለያል? ሳይንቲስቶቹስ ለምን ተቆጡ?

በ2020 የገነነው ሁለተኛው አልፋፎልድ በዋናነት ፕሮቲንን ብቻ ነበር የሚያየው። በግንቦት 2024 የታተመው ሦስተኛው ፕሮቲን ከዲኤንኤ፣ ከአርኤንኤና ከትንንሽ ሞለኪውሎች ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ይተነብያል። ለመድኃኒት ሥራ ዋናው ነገር ይህ ነው። አንድ አዲስ አመል ግን አመጣ። ቋሚ ቅርጽ የሌለውን ክፍል አንዳንዴ የሚያምር ቅርጽ ፈጥሮ ያለብሰዋል።

ቁጣው የመጣው ጽሑፉ ኮዱ ሳይያያዝ በመታተሙ ነው። ማንም ሥራውን ደግሞ ሰርቶ ሊያረጋግጠው አልቻለም። ከ1,000 በላይ ሳይንቲስቶች ተቃውሞ ፈረሙ። ኩባንያው በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ኮዱን ለምርምር ለቀቀ። እስከዚያው ሌሎች ቡድኖች የራሳቸውን መስራት ጀምረው ነበር፤ የኤምአይቲው ቦልትዝ ለንግድም ክፍት ነው። ተቃዋሚዎቹ ልክ ነበሩ እላለሁ። በሕዝብ ገንዘብ በተሰበሰበ መረጃ የሰለጠነ ነገር ነው።

አደገኛ መርዝ ለመስራት አይውልም?

ስጋቱ ባዶ አይደለም። ኮምፒውተር ላይ ያለ ቅደም ተከተል ማንንም አይጎዳም። ወደ እውነተኛ ፕሮቲን ለመለወጥ ዲኤንኤውን ከአምራች ኩባንያ ማዘዝ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ኩባንያዎች ትዕዛዙን ከታወቁ መርዞች ዝርዝር ጋር ያመሳክራሉ። የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች በ2025 እንዳሳዩት ግን የታወቀ መርዝ ቅርጹን ሳይለቅ ቅደም ተከተሉ በሰው ሰራሽ አስተውሎት ከተቀየረ ማጣሪያውን ሊያልፍ ይችላል። ቀዳዳውን ከማሳተማቸው በፊት ከኩባንያዎቹ ጋር ሆነው አጠበቡት። ሙሉ በሙሉ ግን አልተዘጋም።

የጂን ምርመራ ላይ የተገኘብኝን ለውጥ ብሰጠው በሽታ መሆኑን ይነግረኛል?

አይነግራችሁም። ሲክል ሴል የሚባለውን የደም በሽታ ውሰዱ። መንስኤው በሄሞግሎቢን አንደኛው ዓይነት ሰንሰለት ውስጥ ካሉት 146 አሚኖ አሲዶች የአንዷ፣ የ6ኛዋ፣ መለወጥ ነው። የተለወጠውን ለአልፋፎልድ ብትሰጡት ከጤነኛው የማይለይ ቅርጽ ያወጣላችኋል። ደግሞም አልተሳሳተም፤ የአንዱ ሄሞግሎቢን ቅርጽ በእውነትም ብዙ አይለወጥም። ጉዳቱ የሚመጣው ኦክስጅኑን ሲያራግፍ ሄሞግሎቢኖቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ረጅም ዘንግ ስለሚሰሩ ነው። ያ ደግሞ በአንድ ፕሮቲን ምስል ላይ አይታይም።

ለዚህ ጥያቄ ዲፕማይንድ በ2023 አልፋሚሴንስ የሚባል ሌላ ፕሮግራም አወጣ። 71 ሚሊዮን ሊሆኑ የሚችሉ ለውጦችን መዝኖ 32 በመቶው ጎጂ፣ 57 በመቶው ጉዳት የሌለው ሳይሆን አይቀርም ብሏል። የቀረውን አልለየም። ይህ ለሐኪም ፍንጭ ነው፤ የምርመራ ውጤት አይደለም። አሜሪካና አውሮፓ ምርመራ የሚያደርጉ ወገኖቻችን «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» የሚል ወረቀት ብዙ ጊዜ ይደርሳቸዋል። የጂን መረጃ ክምችቶቹ ውስጥ አፍሪካውያን ጥቂት ስለሆኑ ነው። እዚያ ላይ የሚያዋጣው የጂን አማካሪ ባለሙያ ማነጋገርና፣ ከተቻለ፣ የወላጆችንም ማስመርመር ነው።

እንግዲህ የፕሮቲን መታጠፍ ችግር ተፈቷል ማለት ነው?

ጥያቄው ሁለት ነው። ከቅደም ተከተል ተነስቶ የመጨረሻውን ቅርጽ ማወቅ ለአብዛኞቹ ፕሮቲኖች ተፈቷል ማለት ይቻላል። ፕሮቲኑ በምን መንገድ አልፎ እዚያ እንደሚደርስ ግን አልፋፎልድ አንድም ነገር አይነግረንም። የሌቪንታል እንቆቅልሽ ስለ መንገዱ ነበር። አልዛይመርን በመሰሉ በሽታዎች ውስጥ የሚታየውም ፕሮቲን በተሳሳተ መንገድ ታጥፎ ሲከማች ነው። እዚያ ላይ የመጨረሻውን ጤናማ ቅርጽ ማወቅ ብዙ አያራምድም። መንገዱን የሚያጠኑት ሰዎች አሁንም ቤተ ሙከራ ውስጥ ናቸው።